ያልተሾሙት የፍሬን መብራት ተቆጣጣሪ

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ትራፊክ ፖሊስ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የካምፓላው ክቡር ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እሳቸው በቆሙት መኪኖች ኋላ ኋላ ይዞራሉ። «ፍሬን ያዝ እስቲ» ይላሉ። አንዱ አምፖል እምቢ ካለ ባለመኪናው የዚያን ቀን ምሳውን በሰላም አይበላም። አንዴማ የሙሽሮች መኪና አስቁመው፣ የኋላ መብራቱን የሸፈነውን ሪባን በኪስ ቢላዋ ቆርጠው ጣሉት። የሙሽራይቱ እናት እስከ ዛሬ አያናግሯቸውም።

እሳቸውን በመሸሽ ግን ቡኮቶ ሰፈር ምግብ ቤት ያላትን ተናኜን የሚያህል አልነበረም። ጥፋቷ ድርብ ነው። የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል የቫኗ የኋላ መስታወት ላይ፣ ልክ የላይኛውን የፍሬን መብራት እንዲሸፍን አድርጋ ለጥፋዋለች፤ ፍሬን ስትይዝ መልአኩ እንዲያበራ ብላ ነው። የታችኞቹን ሁለት ደግሞ ካትዌ ጋራዥ ወስዳ ብልጭ ድርግም በሚሉ አምፖሎች አስቀይራለች።

ጋሽ ወልደየስ መጀመሪያ ሥዕሉን ተሳለሙ። ከዚያ «ገብርኤልን ወደ ግራ ፈቀቅ አድርጊው» አሉ። «የፍሬን መብራት ደግሞ ቀይ ሆኖ፣ ሳይርገበገብ ነው የሚበራው። ሕጉ እንደዚያ ነው። ይሄ የጭፈራ ቤት ነው።»

«ጋሽዬ፣ እኔ መልአኩን ከቦታው አላነሳም። እሱ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ይጠብቅሻል። ከኋላሽ የሚመጣው ሾፌር ግን የሚያየው መብራት ነው።»

ከዚያ በኋላ ተናኜ መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ አድርጋ ማቆም ጀመረች።

በኮሮናው ጊዜ፣ አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ዝናቡ ወረደ። ሽማግሌ ዝናብ ላይ ጥሎ መሄድ አልሆነላትምና ተናኜ ጋሽ ወልደየስን ቫኗ ላይ አሳፈረቻቸው። ትንሿ ልጇ ሀና የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። ሰዓት እላፊው ሊደርስ ስለሆነ ናካዋ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ይከንፋል።

ጋሽ ወልደየስ የጎን መስታወቱን ሲያዩ ቆዩና «ፍሬን ይዘሻል?» አሉ።

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ አስፋልቱ ላይ የሚብለጨለጨው ቀይ ምንድን ነው?»

አምፖሎቹ ውሃ ገብቶባቸው ብቻቸውን እያበዱ ነበር። ወዲያው ከተናኜ ፊት አንድ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ተንሸራቶ ወደቀ። ፍሬኑን ረገጠችው። ቫኑ ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ። ከኋላ ሸንኮራ አገዳ የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል እየመጣ ነው። ሾፌሩ ከሩቅ ጀምሮ ዝም ብሎ ሲብለጨለጭ ያየውን መብራት ንቆታል፤ መቆሟን በምን ይወቅ? ቁልፉን አዞረች፣ አልነሳም አለ። ቀና ስትል ጋሽ ወልደየስ ወንበራቸው ላይ የሉም።

በመስታወቱ አየቻቸው። ነጭ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ በሀናና በሚመጣው መኪና መካከል ቆመው ያውለበልባሉ። ዳር ይውጡ ልትላቸው መስኮቱን አወረደች። ጎማው ጮኸ። ከባዱ መኪና ከሽማግሌው ደረት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

የቦዳው ሰው እያነከሰ ተነስቶ መንገዱን ለቀቀ። ሞተሩም በስንት ልመና ተነሳ። ጋሽ ወልደየስ ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ፤ በሩን ሳይዘጉ ጀመሩ። ስለ አምፖል፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ ደንብ፣ ሕፃን ጭኖ እንዲህ ስለሚነዳ ሰው ጭንቅላት ነዘነዟት። ቡኮቶ ሊደርሱ ሲሉ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አሉ። ዝምታው ተናኜን አስፈራት።

«ይቀጥሉ ጋሽዬ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።