ባላነበብኩት ነገር አልስማማም

የሰው ልጅ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ፓስተር፣ ዳኛም ይሁን ደላላ፣ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ውሸታም ነው። «ከላይ ያለውን ውል አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሲጫን ይዋሻል። አንድ መስመር እንኳ አላነበበም። እኔም አላነበብኩም፣ እናንተም አላነበባችሁም። አንብበው የሚስማሙ ጥቂት ሰዎች ግን በዚህች ምድር ላይ አሉ፤ ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሳይታደል አልቀረም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ሥራችንን በጊዜው ጨርሰን ቤታችን እንገባ ነበር።

ለእኛ ቢሮ የደረሱን ክቡር ኢንጂነር ዋቅጅራ ናቸው። አለቃዬም የድሮ የክፍል ጓደኛዬም የሆነው ተክለብርሃን ከክረምቱ በፊት ጠርቶኝ፣ «ሰውየውን የምናሰናብትበትን ውል ጻፍልኝ» ብሎ አዘዘኝ። የቡድን መሪ ነኝ፤ ጽሑፍም እሞካክራለሁ፤ ስለዚህ በዚያ ቢሮ መጻፍ ያለበት ክፉ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ይወድቃል። ውሉን ምን አድርጌ እንደጻፍኩት ከመናገሬ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ፤ እኔ ያየሁትን አበሳ ሳታዩ እንዳትፈርዱብኝ።

ቢሮአችን ወሎ ሰፈር ነው። ከታች ጋራዥ፣ ከላይ እኛ። ከታች ቀኑን ሙሉ ላሜራ ይደበድባሉ፤ ከላይ እኛ ኤርፖርት አካባቢ ላሉ የካርጎ ድርጅቶች ዕቃቸው የት እንደደረሰ የሚነግር ፕሮግራም እንጽፋለን። ኮምፒውተሮቻችን ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል፣ ሥዕል የለ፣ ጌጥ የለ። ፕሮግራም ለመጻፍ ደግሞ ራሱ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሸገር ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በተለምዶ የሚመጣው በፍላሽ ነው፤ የጓደኛ ጓደኛ ቁልፉ ተሰብሮ ክራክ የተደረገውን ያመጣዋል፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተጭኖ ያልቃል። ደንበኞቻችን ግን «ኦርጅናል ካልሆነ አብረን አንሠራም» አሉ። ተክለብርሃን ኦርጅናሉን ከነላይሰንሱ ገዛ፤ የሚጭንለት ሰውም ቀጠረ። መከራችን የጀመረው ያኔ ነው።

ኦርጅናል ሶፍትዌር ከመጫኑ በፊት ውሉን ገጽ በገጽ ስክሪኑ ላይ ይዘረግፈዋል። ስፔስ የምትባለዋ ረጅም ቁልፍ ስትነካ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል። መጨረሻ ላይ «ትስማማለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የስ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው አውራ ጣቱን ስፔስ ላይ ያሳርፍና ወሬውን ይቀጥላል።

ጋሽ ዋቅጅራ ጤነኛ አይደሉም። መጀመሪያ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ባለቤት ጠርተው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ያነባሉ። ከታች ላሜራው ይደበደባል፤ ከላይ ውሉ ይነበባል።

የእኔ ተራ የደረሰ ቀን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «እስማማለሁ ጋሼ» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አላየህም። እዚህ ጋ፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ የዓመት ሥራህን ይዞብህ ቢጠፋ ሻጩ አይጠየቅም ይላል። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትስማማው?»

ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ነው ማለት አፈርኩ። እሳቸውም በየቀኑ የምንሰማውን ነገር ደገሙልኝ፤ «እኔ ባላነበብኩት ነገር አልስማማም። አንተም አትስማማ።» ምሳዬን ቀዝቅዞ በላሁት።

ይህ እንግዲህ እዚያው ቢሮ ሲጭኑ ነው። በርቀት ሲጭኑ ይብሳል። ከእኛ ጋር የምትሠራው ፌናን ከወለደች ወዲህ ጎሮ ቤቷ ሆና ነው የምትሠራው። ጋሽ ዋቅጅራ ወሎ ሰፈር ከወንበራቸው ሳይነሱ በኔትወርክ የእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው መጫን ይችላሉ። አንድ ቀን ፌናን ኮምፒውተሯን ክፍት ትታላቸው ልጇን ለማስከተብ ወጣች። ጋሽ ዋቅጅራ ገቡ፣ ሁሉን አስተካከሉ፣ ውሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እኔ በሰው ስም አልስማማም» አሉና ስልክ ደወሉላት። ፌናን ታክሲ ውስጥ ናት። በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው ቦርሳ ይዛለች፤ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ፌናንዬ፣ ‹ይህን ለሌላ ሰው አልሸጥም፣ አላከራይም፣ አላውስም› ይላል። ትስማሚያለሽ?»

ታክሲው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ኮንዶሚኒየም ነው?» አሉ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት።

«አይደለም እማማ፣ የሥራ ነገር ነው።»

«ኧረ እንዳትፈርሚ ልጄ! የማይሸጥ የማይከራይ ከሆነ ምኑን የአንቺ ሆነ?»

«ሴትዮዋ ልክ ናቸው» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ ከስልኩ ውስጥ፤ «እኔም እዚህ ጋ ጥያቄ አለኝ።»

«እሺ በያቸውና እንገላገል! መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» አለ ረዳቱ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ግን አንቀጹ እንዲደገምለት ጠየቀ። ፌናን እንደነገረችኝ ሰው ከታክሲው የወረደው እየተከራከረ ነው፤ ልጇም ሳይከተብ ማልቀስ የጀመረው ያን ቀን ነው።

እንዲህ እያልን፣ አንጀታችን እየተቃጠለም ቢሆን፣ አብረን ኖርን። ነገር የተበላሸው በትልቁ ደንበኛችን ነው። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝተን ነበር፤ የካርጎ ድርጅቱ ሰዎች ሰኞ ጠዋት መጥተው ሥራችንን በኦርጅናል ሶፍትዌር ሲሄድ ሊያዩ፣ ከወደዱም ውላቸውን ሊያድሱ ነው። የቢሮው ግማሽ እንጀራ ከእነሱ ነው። አርብ ዕለት ጋሽ ዋቅጅራ መነጽራቸውን ወልውለው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጨረሱ። ሁለተኛው የተለየ ፕሮግራም ነበርና ውሉም የተለየ ሆነ። አጋማሹ ላይ «ይህ ሶፍትዌር ለአውሮፕላን በረራ መቆጣጠሪያ አገልግሎት አይውልም» የሚል አንቀጽ አለ። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ አውሮፕላን መስኮታችንን እያንቀጠቀጠ በላያችን አለፈ።

ጋሽ ዋቅጅራ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። «ይመለከተናል?» አሉ።

«ጋሼ፣ እኛ የምንቆጥረው ካርቶን ነው!»

«ካርቶኑ የሚሄደው በምንድን ነው?»

ከዚያ በኋላ ልመናም፣ ቁጣም፣ እንባም አልሠራም። ይመለከተን እንደሆነ ለመጠየቅ ለሻጩ ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ እስኪመጣ መጫኑ ቆመ። ተክለብርሃን ደሙ ፈልቶ መጣ። «ስፔስ ይጫኑ በቃ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ዋቅጅራ በትሕትና ከወንበራቸው ተነሱና «ቁጭ በል፣ አንተ ተጫን። በአንተ ስም ይሁን» አሉት። ተክለብርሃን ተቀመጠ። ማውስ ፈለገ፣ የለም። ጥቁሩን ስክሪን አየው፣ ስክሪኑም እሱን አየው። ከየት እንደሚጀመር መጠየቅ አፍሮ ተነሥቶ ወጣ። ለእኛ ለሌሎቻችን ሶፍትዌር የሚጫንበት ፓስወርድ የለንም፤ ፓስወርዱ እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያለው፤ ልንጠይቃቸውም ልብ አልነበረንም።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። አንዱ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሌሎቹ «ትስማማለህ?» እያሉ ተደርድረዋል። እንግዶቹ ሻይ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ፤ ሥራውን ለሌላ ቢሮ ሰጡት። ማክሰኞ ከሻጩ መልስ መጣ፤ «አይመለከታችሁም። እስካሁን ይህን የጠየቀን ሰው የለም፤ እናመሰግናለን» ይላል። ጋሽ ዋቅጅራ ያን ቀን በደስታ ፊታቸው በራ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ነበር።

ተክለብርሃን ውሉን ጻፍ ያለኝ ያን ዕለት ነው። «ሕጋዊ ይሁን፤ ጠበቃ ቢመጣ የሚነቅፈው እንዳይኖር» አለ። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ሌላ ቦታ የሚቀጥራቸው እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን። ይህ የበለጠ አናደደኝና ሄጄ ጋሽ ዋቅጅራ ላይ ጮኽኩባቸው። «አንድ ስፔስ ለመንካት ምን ነበረበት? አንዲት ጣት! አንድ ደቂቃ!»

አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አባቴ ጎሮ መሬት ነበራቸው» አሉ። «ጤፍ የሚዘሩበት። ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ‹አንድ ደቂቃ ነው አባባ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን› አሏቸው። እሳቸውም አደረጉ። ከቤታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበርኩ።»

አጠገባቸው ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አሁን የምከራየው ቤት እዚያው መሬት ላይ ነው» አሉ። «ከመኝታ ቤቴ መስኮት የእኛ የዋርካ ዛፍ ይታያል።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ስንብቱን መጻፍ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተግቼ ጽፌ አላውቅም። ከየሶፍትዌሩ ውል አንቀጽ እየቀዳሁ፣ ትርጓሜ ላይ ትርጓሜ፣ አባሪ ላይ አባሪ እየጨመርኩ፣ ወረቀቱ እንደ መዝገበ ቃላት እስኪወፍር ጻፍኩ። መሐል ላይ፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ «ይህ ውል የሚጸናው ሠራተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ በጽሑፍ መልስ አግኝቶ ‹እስማማለሁ› ሲል ነው፤ እስከዚያው በሥራ ገበታው ላይ ይቆያል» የሚል አኖርኩ። ለተክለብርሃን ወሰድኩለት። ውፍረቱን በእጁ መዘነና «ጎበዝ! ውል ማለት እንዲህ ነው» አለ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፣ ፈረመ፣ ማኅተም አደረገ።

ጋሽ ዋቅጅራ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ይኸው ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ አሁንም እያነበቡ ነው። በየጊዜው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እኔም እንደ ሻጩ ድርጅት ጊዜ እወስዳለሁ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቢሮው አላገገመም። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ ደንበኛ አይመጣም። እሳቸው አንብበው እስኪጨርሱ ድርጅቱ ራሱ መቆየቱን እጠራጠራለሁ። ተክለብርሃን ሲያልፍ «የት ደረሱ?» ይላል፤ «እያነበብኩ ነው» ይሉታል፤ በራሱ ፊርማ የታሰረ አለቃ ሌላ ምን ይላል?

ትናንት ጠሩኝ። እዚያ መሐል ላይ ያኖርኩት አንቀጽ ላይ ደርሰዋል። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይሄን የጻፈው ሰው ረጅም ነገር ይወዳል» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ይወዳል።»

«እንግዲያውስ ቸኩዬ ነበር» አሉና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ።