ክቡር አጥፊ

በየሕንጻው አንድ አጥፊ አለ። በርቶ ያየውን ነገር ሁሉ ካላጠፋ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። የሰው ልጅ እሳትን ካገኘ ጀምሮ ይኸው ሰው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ሲያጠፋ ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ሕንጻዎች በአንዱ ለምትኖር አንዲት የሰማይ ተመራማሪ አጥፊው የሥጋ ዘመድም ነው። አጎቷ ናቸው፤ ከእሷ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። የሕንጻው ሰው ፊት ለፊታቸው “ክቡር አጥፊ” ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን ከነክብሩ ተቀብለውታል። ስስት እንዳይመስላችሁ። ማሽን ይደክመዋል ብለው ከልባቸው ስለሚያምኑ ነው። ዕድሜያቸውን ቀን ከሌት በሚዞር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ እሳቸውን ይረፉ ያላቸው ሰው አልነበረም።

“ይረፍ እንጂ!” ሲሉ ጣታቸው ቀድሞ ደርሷል። ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ጭንቅላት አጋምሶ ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል፣ መላጫውን ከሶኬት ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ጭፈራ ሲጀምሩ ድምፅ ማጉያውን አሳረፉት። ጎረቤታቸውን ከነዘንቢሏ ሊፍት ውስጥ ያስቀሩ ዕለትማ በሽማግሌ ነው የታረቁት።

ተመራማሪዋ የምትሠራው ከሰማይ በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነው። ግዙፉ አንቴና የለቀመው ጫጫታ ከአንድ ማሽን አቅም በላይ ስለሆነ፣ ተቆራርጦ ለፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተር ይታደላል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን አስልቶ ይመልሳል። ጫጫታው መሃል አንዲት ደካማ ትርታ ያለች መስሏታል። እስከ ቀትር ካላረጋገጠች አንቴናው ሌላ ተመራማሪ ወደሚያጠናው የሰማይ ክፍል ይዞራል፤ የዓመታት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

ረፋዱ ላይ ከአንዱ በቀር ሁሉም ድርሻ ተመለሰ። የቀረው ማን ዘንድ እንዳለ ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። የአጎቷ ኮምፒውተር! የማስሊያውን ፕሮግራም እዚያ የጫነችው አክስቷን ብቻ አስፈቅዳ ነበር። ከተቋረጠ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው።

ደወለች። ስልካቸው ጠፍቷል። ሊፍቱን ጠራች። ጠፍቷል። “አለቀልኝ!” እያለች ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ቤቱ ጭር ብሏል። ፍሪጁ ዝም፣ ቴሌቪዥኑ ዝም፤ የግድግዳው ሰዓት እንኳ ባትሪው ወጥቶ ቆሟል።

“አክስቴ፣ ኮምፒውተሩስ?”

“እኔ እንጃ ልጄ! ከትናንት ጀምሮ እዚያ ክፍል ዘግተው ተቀምጠዋል። ብለምን ብሠራ አያስገቡኝም።”

በሩን በረገደችው። “ጋሼ!”

“ቀስ! ታስደነግጪዋለሽ!”

በርቷል። ክቡርነታቸው ፊቱ ተቀምጠው በካርቶን ያራግቡለታል። ዓይናቸው ደም መስሏል።

“አላጠፉትም?”

“ላጠፋው ስል አክስትሽ ‘የልጅቷ ሥራ ነው’ አለችኝ። ታዲያ በምን አቅሙ? ሌላውን ሁሉ አሳረፍኩለትና ኃይሉን ለብቻው ያግኝ አልኩ። ሊፍቱንም ጭምር።”

“ስልክዎስ?”

“እየጮኸ ሐሳቡን ይበትንበታላ!”

ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ቀጥ አለች። ቀትር እየደረሰ ነው።

“ደከመው” አሉ በሹክሹክታ፤ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ።

“ጋሼ፣ በሞቴ!”

ሁለቱንም እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሸቁ። መስመሯ ተንቀጠቀጠች፤ ሞላች። ድርሻው ተላከ። ጥቂት ቆይቶ ተመራማሪዋ በስልኳ ላይ አየቻት፤ ትርታዋ አለች፣ እኩል በእኩል የምትመታ።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ኮከብ ነው ጋሼ። ሲሽከረከር ጨረሩ ወደ እኛ ሲዞር ይበራል፣ ሲያልፈን ይጠፋል።”

ክቡርነታቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ትርታዋን ተከተሉ። “ያርፋላ!” አሉ በመጨረሻ፤ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ፈካ።

“አሁን እርስዎ ይረፉ” አለቻቸው።

መስኮት የሌለውን ደረጃ መውጣት ስትጀምር፣ ክቡር አጥፊ በገዛ እጃቸው መብራት አበሩላት። ይህን ያደረጉበት ጊዜ ትዝ አይላትም። በሯ ላይ ስትደርስ ቶሎ አልገባችም፤ ጆሮዋን ወደ ታች ጥላ ጠበቀች።

ቀጭ!

ጨለማው ውስጥ ብቻዋን እየሳቀች ገባች።