ጋሼን የማያውቅ ታዛዥ

«የባልሽን ታላቅ ወንድም በስማቸው የጠራሽ ቀን፣ አላሳደግኩሽም!» ብላኝ ነበር እናቴ፣ የተዳርኩ ሰሞን። እኔም ቃሏን ጠብቄ ይኸው ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ሰውዬውን ከ«ጋሼ» ሌላ ብያቸው አላውቅም። ስማቸውን አሁንም አልጽፍላችሁም። ሰው ይህ ይገባዋል። የማይገባው ማሽን ነው፤ ማሽን ከይሉኝታ በቀር ሁሉ ነገር ተሰጥቶታል።

ጋሼ ወንጂ አገዳ ላይ ነው የሚሠሩት። ባጃጅ ተገልብጦባቸው እግራቸው በጀሶ ከታሰረ ወዲህ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ ከተማ ይገነባሉ። ስዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ፣ ተጫዋቹ ከተማ እየገነባ የሌላውን ጎተራ የሚዘርፍበት ጌም ነው። «ገበያ ሥራ» ብለው ይጽፋሉ፤ «ገበያው ተሠራ» የሚል መልስ ይመጣል። በቃ! ያለዚህ ቀኑ እንዴት ይመሽላቸው ነበር?

እኔም አዳማ ሆኜ «ነብሮ» በሚል ስም እጫወታለሁ፤ ሴት መሆኔ ከታወቀ የወንዱ ሰላምታ አያስቀምጠኝማ። ግን ልጅ እያለቀሰ፣ ድስት እየገነፈለ፣ ማን ተቀምጦ ጠላት ይመርጣል? ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ባቋርጥም፣ ከዚህም ከዚያም አንብቤ፣ በእኔ ፈንታ ስልኩ ራሱ እንዲጫወት የሚያዝ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፦ በዙሪያዬ ያሉትን ከተሞች እይ፤ ወታደሩ ያነሰውን፣ እህሉ የበዛውን ምረጥ፤ ዝረፍ፤ ድገም። ጋሼን ግን እንዳትነካ።

አዎ፣ «ጋሼ» ብዬ ነው የጻፍኩት። እሳቸው ጌሙ ውስጥ የገቡት በስማቸው ከነአባታቸው ነው። ምን ላድርግ፣ ጣቴም ያደገው እናቴ ቤት ነው! ስክሪፕቱ «ጋሼ ማን ናቸው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ጋሼ የሚባል ከተማ ፈልጎ አጣ፤ ስለዚህ ማንንም አልማረም። ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ፣ ወታደር ትተው ገበያና ዛፍ ሲያበዙ የከረሙትን ጋሼን መርጦ፣ ጎተራቸው በሞላ ቁጥር እየተመለሰ ጠርጎላቸዋል። አስቆምኩት። ግን ጌሙ «የዘረፍከውን መልስ» የሚባል ትእዛዝ የለውም።

እሁድ ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃቸው ወንጂ ወረድን። ጋሼ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ምሳ አልበላም ብለዋል። «ሙሽራዬ» አሉኝ፤ ሁለት ልጅ ወልጄም ለሳቸው ሙሽራ ነኝ፤ «ነብሮ የሚባል አረመኔ አቃጠለኝ! እኮ የሰው ልጅ አይደለም፤ አይበላ፣ አይደክመው!» በዚህስ ልክ ናቸው። ባለቤቴ ጉዱን ነግሬው ስለነበር ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጨነቀኝና፣ ነብሮ እኮ እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

ሳቁ። ጀሶው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «አንቺ? ድምፅሽ ከጓዳ የማይሰማው? አይ ሙሽራዬ፣ ልታጽናኚኝ ነው!» ብምል ማን ይስማኝ? ስልኬን አውጥቼ ባሳያቸው ደነገጡ፤ «ውይ! ያንቺም ስልክ ውስጥ ገብቷል?» ብለው ጭራሽ አዘኑልኝ። የተዘረፉት እሳቸው፣ የሚታዘንልኝ እኔ!

ባለቤቴም አላስችል ብሎት፣ ጠላት የሚመርጥ ነገር መጻፍ ትችላለች ብሎ ነገራቸው። የጋሼ ዓይን በራ። «በይ እንግዲያው ይህን ነብሮ የሚባል የሚደፋልኝ ጻፊ» አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ፤ ምሳውም ይምጣ ተባለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩላቸው፦ ሌላውን ሁሉ ተው፤ ነብሮን ብቻ። ከዚያ የራሴን ስልክ ከፍቼ ወታደሮቼን በሙሉ አሰናበትኩና፣ የከተማዬን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።