የአባዬ ጠርሙስና የእትዬ ብርቄ ምላስ

ደስታን የሚያበላሸው ድግሱ ነው! አትሳቁ… ደርሶብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ከተማሪ ፊት አስነሥተው «ከእንግዲህ የትምህርት ቤታችን ጋዜጣ የመጨረሻው ገጽ ያንቺ ነው» አሉኝ። ያን ቀን የደብረ ማርቆስ ጭቃ እግሬን የነካው አይመስለኝም።

አባዬ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ቡፌውን ከፈተ። ጉድ እኮ ነው! አጎቴ ከሰባት ዓመት በፊት ከውጭ አገር ያመጣቸው ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ እዚያ ከአባዬና ከእማዬ የሠርግ ፎቶ አጠገብ ቆመው ይኖራሉ። ፋሲካም፣ ክርስትናም፣ የአባዬ ሹመትም አላስከፈቷቸውም። «ከዚህ ቤት ቁም ነገር የወጣ ዕለት» ይል ነበር። ቁም ነገሩ እኔ ሆንኩ!

ዳኛ ተጠራ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ ጌሾ ቢበዛ ከበር ላይ አሽትተው ያውቃሉ። ቡሹ በቢላዋ ተፈልፍሎ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ሰመጠ።

ቀጂዋ እኔ ነኝ። ቀጂ ደግሞ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ አትሰጥም። ቀመስኩ… ምላሴ እንደ ቁርበት ደረቀ! ግን ፈገግ አልኩ። ለእኔ የተከፈተ ነዋ! እሱ ከከሸፈ ደስታዬም አብሮ መክሸፉ አይደል?

እማዬ ፉት አለችና ውኃ ፍለጋ ሮጠች። አባዬ ጨክኖ ዋጠ። እትዬ ብርቄ ወደ ብርሃን አነሡት፤ አሸተቱት፤ ፉት አሉ፤ ደገሙ።

«ተበላሽቷል አይደል እትዬ?» አለ አባዬ፤ ድምፁ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስላል።

«ማነው የተበላሸ ያለህ? ጉልበታም ነው፤ አጥንቱም ጥሩ ነው። ልጅ ነው እንጂ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ሰባት ዓመት ጠብቄ ቸኮልክ ይሉኛል?»

«ለአንተ ሰባት ነው፤ እሱ ገና ጥርስ እያወጣ ነው።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ጀርባው ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቢው፣ ጸሐፊዋ!»

ምነው ባላነበብኩ… ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት ይቀመጥ ይላል! ሰባት ዓመት ሙሉ አቧራውን የምወለውለው እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር አድርጌ አላየሁትም። ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ ብርቄ በምላሳቸው አነበቡት!

«በይ ደግሞ ያንቺን አምጪ፣ እሱንም እንቅመሰው» አሉኝ። ለጋዜጣው የጻፍኩትን አምጥቼ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይኸም ያው ነው» አሉ። «ይጎረብጣል… ግን ይደርሳል።»

አባዬ ሳቀ! ያን ጊዜ ነው እኔም የተነፈስኩት።

የተከፈተውን እትዬ ብርቄ ማር ሊጨምሩበት ወሰዱት። ሁለተኛው ቡፌው ውስጥ ነው፤ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። የዚያን ዕለት ሁላችሁም ተጠርታችኋል! የእኔ ገጽ ግን ቡሽ የለውም… ግቡና ቅመሱ፤ ልጅ ነውና ውኃ ይዛችሁ።