በዚህ በር ይልፉ

ማንበብ ሰውን ከጨለማ እንደሚያወጣ ያልተናገረ ባለሥልጣን የለም። ከአውሮፕላንም እንደሚያስቀር ግን እስካሁን በወጉ ተመዝግቦ አልተገኘም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲባል የአንዲት ጠንቃቃ እናት ጉዞ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ወይዘሮዋ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። የቤት ኪራይ ውሉንም፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ወረቀትም፣ የባላቸውን የቀብር ደረሰኝም በዚያችው ጣት አሳልፈዋል። በሃምሳ አምስተኛው ዓመት ግን የጎልማሶች ትምህርት ገቡና ሦስቱን ደረጃ ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጡት፤ ከፓስፖርታቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ያዙት። ፓስፖርት ቢጠፋ ይተካል ባይ ናቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በመንገዳቸው ላይ ሳይነበብ የቀረ ጽሑፍ የለም። የሳሙና ካርቶን ያነባሉ። የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ያነባሉ። ግድግዳ ላይ መሽናት ክልክል መሆኑን ቆመው፣ ጮክ ብለው፣ እስከ መጨረሻው ያነባሉ፤ ለመሽናት የመጣውም ሰው አብሮ ቆሞ ይጠብቃል። ከእሳቸው ጋር ገበያ የሚወጣ ጎረቤት ስንቁን ይዞ ነው ይባላል።

መምህራቸው በመጨረሻው ቀን ለክፍሉ አንድ ምክር ሰጥተው ነበር፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ እንዳትፈርሙ የሚል። ሌላው ተማሪ አጨብጭቦ ረሳው። ወይዘሮዋ ደብተራቸው ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። መምህሩ በየፊደሉ ሥር የእስክሪብቶ ጫፍ እያስኬዱ ማንበብንም አስተምረዋቸዋል። «ክዳኑን ሳትከፍቱ» ብለው ማሳሰባቸውም አይቀርም። ይህ ግን ደብተሩ ላይ አልተጻፈም።

ጉዞውን ያመጣው የአንዲት ልጃቸው እርግዝና ነው። ልጅቷ በሩቅ አገር አግብታ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል፤ ፈርታለችም። በስልክ፣ «እማዬ፣ እጄን ካልያዝሽኝ አልወልድም» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ያዝኩሽ በይው» አሉ። ይህን ቃል ከሰጡ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። የሚያሳስባቸው ነገር ባጡ ቀን እንኳ ምን ረስቼ ይሆን ብለው የሚያስቡ ሴት ናቸውና።

መንገዱ በአንድ መካከለኛ አገር ላይ አውሮፕላን መቀየርን ይጠይቅ ነበር። ቆይታው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ወይዘሮዋ ከመጀመሪያው አውሮፕላን እንደ ወረዱ፣ የሚቀድማቸው እንዳይኖር ቦርሳቸውን አቅፈው ሮጡ፤ ወለሉ እንደ መስተዋት ፊት በሚያሳይ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ሃያ ሰው ቀድመው ከመስኮቱ ደረሱ። በዚህም ሃያ ሰዎችን ወደ ጥፋት የመምራት ዕድል አገኙ።

ከመስኮቱ ኋላ ማኅተሙን ሃ እያለ የሚያሞቅ ተረኛ ሹም ተቀምጧል። ሹሙ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። የቪዛ ደንቡ በዚያው ጠዋት ተቀይሯል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ለአላፊ መንገደኛም ቪዛ ያስፈልጋል። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ግን መመሪያውን አንብቤያለሁ ብሎ መዝገቡ ላይ የፈረመ ሁሉ እንደ ድሮው ያልፋል። የማተሚያው ቀለም ስላለቀ የወጣው መመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሃያ ይላል።

ሹሙ ባለ አራት ገጹን መመሪያና መዝገቡን አንድ ላይ ወደ ወይዘሮዋ ገፋ አደረጋቸው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ።»

«ላንብበው?»

«መብትዎ ነው» አለ ሹሙ። መብቱን እስከዚያች ሰዓት የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ትንሽ ደነገጠ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ ከአንቀጽ አንድ ጀመሩ። ድምፃቸው ደህና ነው፤ ቃል አይዘሉም። «ትርጓሜ» የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ደስ ስላላቸው። ከኋላቸው የቆመው መንገደኛ ጠበቃ ነበር፤ ሰዓቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ በመጨረሻ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«እናቴ፣ እኔ በቀን ሃምሳ ወረቀት እፈርማለሁ፤ አንዱንም አንብቤው አላውቅም። ምን ሆንኩ?»

«እስካሁን አልነገሩህም ይሆናላ» አሉና ገጽ ሁለትን ገለጡ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ያልቸኮለው ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም። ወይዘሮዋ የገጽ አራት የመጨረሻ መስመር ላይ ሲደርሱ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ደወለ፤ በድንጋጤ እጃቸው እመር አለ። ሹሙም መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና ዘጋው።

«ሰዓቱ አልፏል።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ጠበቃው ሙያው ትዝ አለው፤ ወደ ፊት ወጣ።

«ሰልፍ ይዘን ነው የደወለው። ሰልፍ ስለያዘ ሰው መመሪያው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይላላ» አለ ሹሙ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

ሹሙ በአገጩ ወደ ወይዘሮዋ አመለከተ። «እሱን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሮዋ በዕድሜያቸው ሃያ አንድ ሰው አፍ አፋቸውን ሲያያቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የመጨረሻዋን መስመር እየቆረጡ አነበቡ፤ «ከስድስት ሰዓት በፊት ሰልፍ የያዙ መንገደኞች፣ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ፣ በዚህ በር ይ... ል... ፉ።»

«ይልፉ?» አለ ጠበቃው።

ወይዘሮዋ ፊደሉን ደግመው አዩት። ለ ብትሆን ኖሮ «ይለፉ» ይሆን ነበር፤ ይሂዱ፣ ይሻገሩ ማለት ነው። ይቺ ግን ጎኗ ላይ ምልክት አላት፤ ል ናት። «ይልፉ» ማለት ደግሞ ይድከሙ፣ ፍዳቸውን ይዩ ማለት ነው። መምህራቸው ለ እና ልን ለመለየት አንድ ሳምንት ፈጅተውባቸዋል፤ ያ ሳምንት በከንቱ አልሄደም።

«ይልፉ ነው የሚለው» አሉ በእርግጠኝነት።

ጠበቃው መነጽሩን ከሻንጣው ጋር ስለ ላከው ወረቀቱን ክንዱ እስከሚደርስ አርቆ ያዘና በአንድ ዓይኑ አየው። ል መሆኗን አረጋገጠ። ቀጥሎም መንግሥት ሰው እንዲለፋ በጽሑፍ ማዘዙ አዲስ ነገር ቢመስልም፣ በተግባር የቆየ አሠራር እንደሆነ ለሰልፈኛው አብራራ። ሁሉም አመነ። ካርቶን ሙሉ የሕፃን ጫማ የያዘች አንዲት ነጋዴ ብቻ፣ ድሮም ዝም ብለው አያሳልፉም ብላ አጉረመረመች።

ሹሙ ግን ተቸገረ። መመሪያው ይልፉ ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሚለፋ አይናገርም። ደንብ ሲጎድል የሚሞላው አስፈጻሚው ስለሆነ ወዲያውኑ አዲስ መዝገብ አወጣ፤ ሽፋኑ ላይ «የልፋት መዝገብ» ብሎ ጻፈ። እያንዳንዱ መንገደኛ በሰባት መስኮቶች ዞሮ በየመስኮቱ መልፋቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ እንዲያመጣ ወሰነ። የሰባተኛው መስኮት ሠራተኛ የሦስተኛውን ፊርማ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰባተኛው ሳይፈርም አይፈርምም። ሹሙ ይህን ሲሰማ መመሪያው በሚገባ እየተተገበረ እንደሆነ ተገነዘበ።

መንገደኞቹም ዝም ብለው አልለፉም፤ ተደራጅተው ለፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ የልፋት ኮሚቴ አቋቋሙ። ወይዘሮዋ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑ፤ ከሁሉም መካከል መመሪያውን ያነበቡ እሳቸው ብቻ ናቸውና። ጠበቃው የሕግ ጉዳይ ኃላፊ ሆነ። ነጋዴዋ የተራ አስከባሪ ሆነችና ባንኮኒው ሥር ተደግፈው ያረፉትን ሁለት ወጣቶች አጋልጣ ለኮሚቴው አቀረበች፤ እየለፋችሁ አይደለም ተብለው በጽሑፍ ተገሠጹ። ግሣጼውን የጻፉት ወይዘሮዋ ናቸው። ከፊደሎቹ መካከል ስሕተት የተገኘው በሁለቱ ብቻ ነው።

ከአራተኛው መስኮት ፊት ቆመው ሳሉ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰሙ። የእሳቸው ነበር። ስልካቸውም ጮኸ።

«እማዬ፣ ጀመረኝ መሰለኝ። የት ደረስሽ?»

ወይዘሮዋ ባንኮኒውን ያዙ።

«መጣሁልሽ፣ የኔ ልጅ። እዚህ ትንሽ... እየለፋሁ ነው።»

«እያለፍሽ ነው? እሰይ። ቶሎ ነይልኝ በቃ» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ወይዘሮዋ አንዲት ፊደል ስትዛባ ሰው እንዴት እንደሚደሰት አዩ። ልጃቸውን ግን አላረሟትም። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮቱን በቡጢ ይመታ፣ ያለቅስ፣ በሩን ጥሶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ቦርሳቸውን ከፍተው የምስክር ወረቀታቸውን ዳሰስ አደረጉና ወደ አምስተኛው መስኮት ተሻገሩ።

ቀጣዩ አውሮፕላን በማግስቱ ነበር። ሌሊቱን በብረት ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ፤ የልጃቸው ስልክ ቢደወል አይነሳም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተረኛ ተቀየረ። የመጣችው ሹም ሹራብ የደረበች፣ ድምፀ ቀዝቃዛ ሴት ነበረች። ቀለሙ ተገዝቶ የታተመ አዲስ ቅጂ ይዛ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያም ከመስኮት ወደ መስኮት የሚራወጡትን ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ተመለከተች።

«እናንተ የትናንት ሰልፈኞች አይደላችሁም? ምን ትሠራላችሁ?»

«እየለፋን ነው» አሉ ሊቀመንበሯ። ኮሚቴው ሁሉ በራስ ንቅናቄ አረጋገጠ።

«ማን ልፉ አላችሁ?»

«መመሪያው።»

ሹሟ ወደ ለጠፈችው ወረቀት ዞረች፣ የመጨረሻዋን መስመር በጣቷ ነካች። «ይለፉ ነው እኮ የሚለው። ይ፣ ለ፣ ፉ። በሩ ያው፤ እለፉ።»

ጠበቃው የትናንቱን ቅጂ ከወይዘሮዋ እጅ ተቀበለና ከአዲሱ ጎን አርቆ ያዘው። በመሠረቱ ሁለት የሚጋጩ መመሪያዎች መኖራቸውን፣ ይግባኝ ቢባል እንደሚያዋጣ ተናገረ። ቤቱ ሊሄድ ኮቱን የለበሰው የትናንቱ ሹም ግን ነገሩ ቀላል እንደሆነ ገለጸ፤ መመሪያው ሌሊቱን ተሻሽሏል፤ የልፋቱ ዘመን በስኬት ተጠናቋል።

ወይዘሮዋ ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አድርገው አዩት። ኅትመቱ ጥቁር ነው። ከገጽ አንድ ጀምሮ በየመስመሩ ሥር እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተደረደሩ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። ሰልፉ እስከ አራተኛው ገጽ መጨረሻ ድረስ ከመስመሩ በታች በሥርዓት ይሄዳል። ሰዓቱ የደወለ ጊዜ ብቻ አንዲቱ ነጥብ ሰልፏን ጥሳ ወደ ላይ ወጥታለች፤ ወጥታም ከ«ለ» ጎን ተለጥፋለች።

እጃቸው ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አዩት። ሰማያዊ ነው። ክዳኑም ክፍት ነው።

ሰው እውነት ሲገለጥለት ሊናገር ይገባዋል። ወይዘሮዋም አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ነጋዴዋ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ እኚህ እናት ነቅተው ባያነቡልን ኖሮ የሚያልፍም የሚለፋም ሳናውቅ እንቀር ነበር ስትል ምስጋናዋን አሰማች። ጠበቃው ያለ መነጽር አጭር ንግግር አደረገ፤ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ሃያ ሰው እንደሚያድን በዓይኑ ማየቱን መሰከረ። ተጨበጨበ። የተገሠጹት ሁለት ወጣቶች እንኳ አጨበጨቡ። ወይዘሮዋ አፋቸውን ዘጉ፣ ቀጥሎም እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ በክብር ቀድመው አለፉ።

በሩ ከመስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነበር። ቆጠሩት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸውን ትራሱን ተደግፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ፊቷ አብቦ አገኟት። ሕፃኗ ትናንት ነው የተወለደችው፤ ሰዓቱን ሲያሰሉት ወይዘሮዋ አምስተኛው መስኮት ላይ የመልፋታቸውን ፊርማ እየተቀበሉ ነበር። የልጃቸውን እጅ የያዘችላት ክፍሉን ልታጸዳ የገባች ሠራተኛ ናት፤ መወልወያዋን ጥላ፣ እስከ መጨረሻው አለቀቀቻትም።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ወይዘሮዋ ሕፃኗን ታቀፏት፤ ጣቷን አውራ ጣታቸው ላይ ጠምጥማ ያዘቻቸው። ስለ ደንቡ መቀየር፣ ስለ ሰባቱ መስኮቶች፣ ስለ ኮሚቴውም ሁሉንም አወሩ። ስለ እስክሪብቶው ግን አላነሱም። ልጃቸው እያዘነች ስትሰማ ቆይታ እጃቸውን ሳመቻቸው።

«ብቻሽን፣ በማታውቂው አገር፣ እማዬ! ደግነቱ ማንበብ ተምረሻል። ባትማሪ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?»

ወይዘሮዋ ሕፃኗ ያልለቀቀችውን አውራ ጣታቸውን ተመለከቱ።

«በዚህች ፈርሜ» አሉ፣ «በሰዓቱ እደርስ ነበር።»