ጋሽ እንድሪስና እኔ ግብር ያቀድንበት ሳምንት

ሀብታም መምሰል ከባድ፣ ደኻ መምሰል ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሀብታም ለመምሰል አንድ ጥሩ ኮት ተውሶ መውጣት ይበቃል። ደኻ ለመምሰል ግን ቤተሰብ ማስተባበር፣ ጎረቤት ማስማማት፣ ዕቃ ማሸሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ የሚያሰናዳ ሰው ዛሬ ቢሮ ተከራይቶ፣ ከረባት አስሮ የግብር አማካሪ ይባላል። በደርግ ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ይህን ሥራ አንድ ሳምንት የሠራሁት እኔ ነኝ። ከረባት አልነበረኝም። ክፍያም አልነበረኝም። ልምድም አልነበረኝም፤ ነገሩን ያበላሸው ይኼ የመጨረሻው ነው።

በዚያን ጊዜ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነበር። ገማቾች ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ መደርደሪያውን ያያሉ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ሊቀመንበራቸው ብዕሩን ያወጣል። አለቀ። አቤት ማለት ይቻላል ይባል ነበር፤ ብሎ የተሳካለት ሰው ግን አላየሁም። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጡልኝ ባለሱቁ ጋሽ እንድሪስ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ግምቱ ሽቅብ ወጥቶባቸዋል።

«መምህር፣ ዘንድሮ ደግሞ አንድ ደረጃ ከጨመሩብኝ ፈቃዴን መልሼ ሱቁን እዘጋለሁ» አሉኝ አንድ ቀን።

ሲቀልዱ አልነበረም። ስድስት ልጅ የሚያድረው በዚያች ሱቅ ነው። እኔ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩ በስሌት የሚፈታ መሰለኝ።

ገማቾቹ ማክሰኞ እንደሚመጡ አስቀድመን ሰማን። ዕቅዱን በደብተር ጻፍኩት። ከቅዳሜ ጀምሮ ጢም አይላጭም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ አሮጌ ነጠላ ይለብሳሉ። ለደንበኛው ሁሉ «ማክሰኞ ሱቅ የለም» ይባላል፤ ምክንያቱ አይነገርም፣ «ምነው?» ያለ ካለ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን በቀይ አሰምሬባታለሁ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ጢሙን ያጎፈረ ባል፣ ወገቧን በነጠላ አስራ ዕቃ ከቤት የምታወጣ ሚስት፣ ምን ሆናችሁ ሲባሉ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ምልክቱን ሁሉ ከደኻ የቀዳሁ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር ግን ደኻና ሐዘንተኛ የሚለብሱት አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ ሰው የሚደርሰው ደግሞ ለሐዘንተኛው ነው። ለደኸየ ሰው ድንኳን የተከለ እድር እስካሁን አልገጠመኝም።

ማክሰኞ ማለዳ ስመጣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ወንበር ተደርድሮ ጠበቀኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ከገጠር የመጡት ፈረሶቻቸውን ከሱቁ ጎን ባሕር ዛፉ ሥር አስረዋል፤ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ባለፈረሶቹ በአገውኛ ይንሾካሾካሉ፣ መልስ ያለው ግን የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ማለት ነውር ስለሆነ ሁሉም ጎኑ ያለው ሰው የሚያውቅ እየመሰለው ያለቅሳል።

በዚህ መሀል ጋሽ እንድሪስ በሩን ከፍተው ወጡ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ነው። ያሳደጓቸው አክስታቸው እማማ ፋጡማ እንጅባራ ታመው መሰንበታቸውን ሰምተዋል። ታዲያ ምን ያስቡ? «ወይኔ እናቴ» ብለው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ሕዝቡም የሟቹን ማንነት በማወቁ ተገላግሎ፣ በአዲስ ጉልበት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ዕቅዱን የማውቅ ሰው ማልቀሴ ያሳፍራል፤ ግን አክስትየው እውነት ሞተው ቢሆንስ?

ገማቾቹ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ፈረሱን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግብር የሚገምት ጨካኝ የለም። ዕቅዴ ካሰብኩት በላይ ሰመረ ብዬ በልቤ ስፈነጥዝ አንድ የጭነት መኪና ድንኳኑ ፊት ቆመ። ከጋቢናው በሁለት ሰው ተደግፈው፣ ደረታቸውን እየመቱ እማማ ፋጡማ ወረዱ። ለካ ሰኞ ማታ አንድ ሾፌር «እንድሪስ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ዕቃ ሁሉ እየወጣ ነው» ብሎ ነግሯቸው፣ የሞተው እንድሪስ ነው ብለው ሲያለቅሱ አድረዋል።

ሟች ሟችን ሊቀብር መጣ ማለት ነው። ሁለቱ ተያዩ።

«አልሞትክም እንዴ ልጄ?»

«እርስዎስ እናቴ?»

ተቃቅፈው ወደቁ። ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ጀመረ፤ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ፣ ፈረሶቹን አስበረገገ፣ ገማቾቹንም ሳይምር ያዛቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳቁ ጋብ ሲል ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ «ታዲያ የሞተው ማነው?» አለ። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አዩ። ሕዝቡም እሳቸውን ተከትሎ ወደ እኔ አየ። ልዋሽ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ማንም አልሞተም። ዕቃውን ያሸሸሁት እናንተን ፈርቼ ነው፤ ጎረቤት ቤት አለ። ይኼ ሁሉ ሰው ደንበኛዬ ነው። እናቴ በሕይወት አሉልኝ፤ ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን ጻፉ።»

ሊቀመንበሩ አሥራ ዘጠኙን ፈረስ አንድ በአንድ አየ፣ ብዕሩን አወጣ፣ ጻፈ። አንድ ደረጃ ጨመረ። ቅጣት አላከለበትም፤ እሱም ስለሳቀ ይመስለኛል።

እማማ ፋጡማ ምን እንደተጻፈ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ሱቁም ሊዘጋ መሆኑን አልደበቅኋቸውም። ከመቀነታቸው ሥር የተቋጠረች መሐረብ ፈቱ።

«ለከፈኔ ብዬ ስቆጥባት የኖርኩ ናት። እንካ ክፈልበት፣ ሱቅህን አትዝጋ» አሏቸው ጋሽ እንድሪስን።

ጋሽ እንድሪስ እምቢ አሉ፣ ለመኑ፣ ተቆጡ። እማማ ፋጡማ ግን ገንዘቡን እጃቸው ውስጥ ጨምረው ጣታቸውን አጠፉባቸው። በዚያ ድንኳን ሥር ከነበርነው ሁሉ ነገን አስበው ያስቀመጡ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዕቅዳቸውን በአንድ ጠዋት ሰረዙት።

ሱቁ አልተዘጋም። ምክር የሚጠይቀኝ ነጋዴ ግን ከዚያ ወዲህ ጠፋ። ከወራት በኋላ እንጅባራ ለሥራ ሄጄ እማማ ፋጡማ ቤት ጎራ አልኩና ያቺን ገንዘብ በመስጠትዎ አልቆጨዎትም ወይ አልኳቸው። 

«ለቅሶዬን እኮ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ድንኳኑ ለሰዉ አልበቃም ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያለ ከፈን ላጣ ነው?»