ንጹሑ መስክ እንዴት ንጹሕ ሊሆን እንደቻለ ልንማር የሄድን ዕለት

እውቀትን በማካፈል ከእኛ መሥሪያ ቤት የሚበልጥ ካለ ይምጣና ያስተምረን፤ አዳራሹ ክፍት ነው፣ ባነሩም ተሰቅሏል። የመሬት አያያዝ ጽሕፈት ቤት እንባላለን። ሥራችን መጤ አረምን መዋጋት ነው። እውነቱን ለመናገር ከአረሙ ጋር ፊት ለፊት የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናማው በሌለበት ነው። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ነኝ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ዜና እጽፋለሁ፣ ባነር አንጠለጥላለሁ።

ኃላፊያችን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ስለዚህ አረም የማያውቁት ነገር የለም። «ፍሬው እሾሃም ነው። በካልሲ፣ በሱሪና በመኪና ጎማ ተጣብቆ አገር ላገር ይዞራል። ፍሬ ሳይዝ በልክ በተለኮሰ እሳት ከተቃጠለ ግን አለቀለት። ሣሩ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ እሱ ግን አይመለስም» ይላሉ። ያፈራ አረም መሐል ቆመው ይህን ንግግር ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ካልሲያቸው ጃርት መስሎ ነበር። ልቤ ተነካ። ለሥራው ይህን ያህል የቀረበ መሪ ከየት ይገኛል?

ያን ጊዜ በዙሪያችን ካለው መስክ ሁሉ ንጹሕ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የኃላፊው ታላቅ እህት መስክ። እሳቸውን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ የሚኖሩት በወተት ነው፤ ላሞቻቸውም ከዚያ መስክ ሌላ የሚግጡበት የላቸውም። አረሙ ከገባ ሣሩ ያልቃል፣ ሣሩ ካለቀ ላሞቹ ይሸጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ንጹሕ መስክ ተገኝቶ ዝም ይባላል? የአጎራባች መሬት አስተዳዳሪዎች በሙሉ ተጠርተው «ይህ መስክ እንዴት ንጹሕ ሊሆን ቻለ?» በሚል ርዕስ የልምድ ልውውጥ እንዲያደርጉ ተወሰነ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወንድማቸው ቢሮ ድረስ መጡ።

«አንተ፣ እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከየመስካቸው ነዋ፣ እትዬ።»

«አረም ከወረረው?»

«ባይወርረውማ ምን ሊማሩ ይመጣሉ?»

«እንግዲያው እባክህ እንዳታመጣብኝ። መስኬ ንጹሕ የሆነው እኮ ሰው ስለማይረግጠው ነው።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? ተሞክሮ ማለት ይሄ ነው! ይህንን በአካል መጥተው ከራሷ አፍ መስማት አለባቸው።»

መጡ። መኪኖቹ መስኩ መሐል ድረስ ገቡ፤ ትልቅ ሰው በእግሩ አይሄድም። እንግዶቹ እንደየማዕረጋቸው ተሰለፉ፣ ክቡራኑ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። ንግግር ተደረገ፤ በንግግሩ ላይ አስተያየት ተሰጠ፤ አስተያየቱም በንግግር ተመለሰ። ከኋላ የቆመ አንድ እንግዳ ከካልሲው ላይ ፍሬ እየነቀለ ሲጥል አይቼ «ወንድም፣ ቆሻሻ አይጣልም» አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ይቅርታ ጠይቆ በጫማው አፈር አለበሰው። እትዬ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያዩን ነበር። «የተሞክሮው ባለቤት በአድናቆት ሲከታተሉ» የሚል መግለጫ ጽፌ ፎቶውን አወጣሁት።

ዝናብ ጣለ። አረሙ በቀለ። ግን እንደ ማንኛውም አረም ዝም ብሎ አልበቀለም፣ ፕሮቶኮል ጠብቆ ነው የበቀለው። እንግዶቹ በተሰለፉበት ተሰልፎ፣ ከፊት ወፍራም፣ ከኋላ ሳሳ ብሎ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ እትዬ ኃላፊውን እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። እኔም ካሜራዬን ይዤ ተከተልኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እዚህ ጋ የክብር እንግዳው ነበሩ» አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው።

«እሺ፣ ይሄ ጥቅጥቅ ያለውስ?»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «የመክፈቻ ንግግሩ ነው» አልኩ።

እትዬ አልተቆጡም፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። «በቃ፣ የሆነው ሆነ። ገና አላፈራም። ሣሩም ደርቋል፣ ይነዳል። አንተው እንደምትለው አቃጥልልኝ።»

«አይ እትዬ፣ እሳት እንዲሁ አይለኮስም። ግንዛቤ ይቀድማል። አስተዳዳሪዎቹ ባሉበት መሆን አለበት።»

«እንደገና ልታመጣቸው?»

«እሳቱን ካላዩ ምን ይማራሉ?»

ተጠሩ። አልተመቻቸውም። ሁሉም በየመስካቸው የልምድ ልውውጥ እያስተናገዱ ነበር። ቀኑ ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። አረሙ መቼም ቀጠሮ አያከብርም፣ አበባውን አወጣ።

አንድ ማለዳ እትዬ ግቢያችን ገብተው በቀጥታ አረም ለማቃጠል ወደተቋቋመው የእሳት ቡድን አመሩ። ቡድናችን በሥልጠና የሚደርስበት የለም። ለዓመታት ሠልጥኗል፣ ግድግዳው በሰርተፍኬት ተሸፍኗል፤ እሳት ያየው ግን በስክሪን ላይ ነው።

«ክብሪት አላችሁ?» አሉ እትዬ።

«ሥልጠና አለን።»

«ክብሪቱ ከኔ ይሁን። ተነሱ።»

ልጆቹ ፈቃድ እስኪያገኙ አልጠበቁም፤ እግራቸውን በልቷቸው መሰለኝ፣ ግር ብለው ወጡ። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ነፋሱን አይተው፣ ዙሪያውን ሣሩን እስከ አፈሩ ገፈው፣ ውኃና እርጥብ ጆንያ ይዘው ለኮሱት። ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት ለካ እውነት ነበር! እሳቱ ሄድ ሄድ አለና የታዘዘበት ላይ ቆመ። ከምሳ በፊት የመክፈቻ ንግግሩም የክብር እንግዳውም አመድ ሆኑ። እኔ፣ አልዋሽም፣ በደስታ አጨበጨብኩ።

ኃላፊው እያለከለኩ ደረሱ። «ባለድርሻ አካላት ሳይኖሩ!»

እትዬ ወደ ላሞቹ ጠቆሙ። «ያውልህ፣ ሁሉም ተገኝተዋል።»

ኃላፊው ለጥቂት ቀን አኮረፉ። ሣሩ ለምለም ብሎ ሲያቆጠቁጥ ግን ፊታቸው በራ። መስኩ መሐል ቆመው «ይህ የልምድ ልውውጣችን ፍሬ ነው!» አሉ። እኔም እንደዚያው ብዬ ዜናውን ለቀቅኩት። ዜናው ሩቅ ሄደ፤ ከዚያም ደብዳቤው ጎረፈ። አስተዳዳሪዎቹ፣ አሁን እጥፍ ሆነው፣ አረሙ እንዴት እንደጠፋ በቦታው ተገኝተው ሊማሩ ፈለጉ። ኃላፊው እህታቸውን እንዳሳውቅ ላኩኝ።

እትዬ ላም እያለቡ ነበር። ነገርኳቸው። ቀና አላሉም።

«የት ነው የሚቆሙት?»

«እዚያው፣ በፊት የቆሙበት።»

«ንግግር አለ?»

«አለ። ረዥም ነው።»

«ይምጡ» አሉ እትዬ፣ ማለባቸውን ሳያቋርጡ። «ለአረሙ የበቃው ለእነሱም አያንስም። ክብሪቱም እጄ ላይ ነው።»

ቢሮ ስመለስ ኃላፊው በር ላይ ጠበቁኝ። «እህቴ ምን አለች?»

«ደስ ብሏቸዋል። እንግዶቹ የት እንደሚቆሙ ጠይቀው ተረድተዋል፤ የሚያስፈልገውም ሁሉ በእጃቸው አለ አሉ።»

«አላልኩህም?» አሉ ትከሻዬን መታ አድርገው። «ግንዛቤ ሲጨበጥ እንዲህ ነው!»